በረኪና የሸተተው ጸደይ

አማቼ ሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሰላምታ መስጠት አይደለም፤ ማሽተት ነው። በሩ ላይ ቆም ይላሉ፣ አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ የአፍንጫቸው ቀዳዳ ሰፋ ጠበብ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው «እንደምን ዋላችሁ» የሚሉት። እስከዚያ ድረስ ቆሻሻው ሳይደፋ እንዳደረ፣ የዕቃ ማጠቢያው ጨርቅ መቀየር እንደነበረበት፣ ከአልጋው ሥር የተወሸቀው ካልሲ የማን እንደሆነ አውቀው ጨርሰዋል። አፍ አውጥተው አይናገሩም። ፊታቸው ግን ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ጭምድድ ይላል። እኔ በሙሽርነቴ ወደዚህ ቤት ስገባ ያንን ፊት አይቼ ደንግጬ ጫማዬን አወለቅሁ። ካልሲዬን ሲያዩ ፊታቸው ባሰበት፤ ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁ።

እድሜያቸውን የፈጁት የምግብ ቤቶችን ንጽህና ሲቆጣጠሩ ነው። ነጭ ካፖርት ለብሰው፣ ጓንት አጥልቀው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው ማንም ሳያስባቸው ከተፍ ይላሉ። ምድጃ ያስጎትታሉ፣ ከምድጃው ጀርባ ጣታቸውን ይሰዳሉ፣ የማቀዝቀዣውን በር ላስቲክ ገልበጥ አድርገው ያዩታል። የከተማው የወጥ ቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቃቸው «አፍንጫ» በሚለው ስም ነው። «አፍንጫ ታየ» ከተባለ መንደሩ በሙሉ መጥረጊያ ያነሳል። ሲወጡ ደግሞ ከኋላቸው «አፍንጫውን ይላስ» የሚል አይጠፋም። ሥራቸውን ግን ያውቁ ነበር፤ በእሳቸው ጊዜ ምግብ ቤት በልቶ ሆዱን ይዞ የሚሮጥ ሰው ጥቂት ነበር ይባላል። ችግሩ ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ አፍንጫቸው አለመሆኑ ነው።

እሳቸውን አባባ፣ ሚስታቸውን እማማ እላለሁ። «እርስዎ እያልሽ አታስረጂኝ» ብላ ከመጀመሪያው ቀን ስለከለከለችኝ አንቺ ነው የምላት። ከቤቱ ጀርባ የመስታወት ቤት አላት፣ ሰው ግሪንሃውስ የሚለው ዓይነት። ከፈረሱ ቤቶች መስኮት እየለቀመች ያሠራችው ስለሆነ አንዱ መስታወት ሰማያዊ ነው፣ ሌላው የተሰነጠቀ፣ ሌላው የሻወር ቤት የነበረ። ጸደይ ገና ሲያንገራግር፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ፣ እዚያ ገብታ አፈሯን ታገላብጣለች፣ ዘር ታፈላለች። አባባ በዚያ በር አልፈው አያውቁም። «ከዚያ ወዲያ የሷ ግዛት ነው» ይላሉ። እውነቱ ግን ይቀፋቸዋል።

ከጓሮ በሩ አጠገብ ቧንቧ አለ። እማማ ከአትክልቷ ስትመለስ እዚያ እስከ ክርኗ ድረስ በብሩሽ ትታጠባለች፤ አባባ በሩን ይዘው ይቆማሉ። መዳፏን ታሳያቸዋለች። ትገለብጠዋለች። ከዚያ ጥፍሮቿን ትዘረጋለች። «እለፊ» ካሏት ትገባለች፤ ካላሏት ተመልሳ ትታጠባለች። እሷ እየሳቀች ነው የምታደርገው። እኔን ግን ባየሁት ቁጥር ያንገሸግሸኛል፤ ሚስታቸው ናት እንጂ የሚታሸግ ወጥ ቤት አይደለችም። አንድ ቀን «እንዴት ትችያቸዋለሽ?» ብላት፣ «ተይው ልጄ፣ ሌላ ጨዋታ አያውቅም» አለችኝ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እማማ ታመመች። የብርዱን ወራት ሆስፒታል ስትገባ ስትወጣ ከረመች። የሚሰጧት መድኃኒት በሽታውን ይገፋዋል አሉ፤ ምግብን ግን ጠላት አደረገባት። ሾርባው ላብ ላብ ይሸታታል፣ ወተቱ የረጠበ ውሻ፣ ውሃው እንኳ ብረት ብረት ይላታል። ማንኪያ ወደ አፏ ሲቀርብ ዓይኗን ትጨፍናለች። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ኑሮው መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትውከቱንም ባልዲውንም የምንካፈለው እኔና አባባ ነን። አባባ ጓንት አጥልቀው፣ ጭንብል አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ባልዲውን ይይዙላታል። ይይዙላታል፣ እሱን አልክድም። ግን እንደዚያ ተጨማዶ የዞረ ፊት አጠገብ ታሞ መተኛት ምን እንደሚመስል አስቡት።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠርቶ ቁርጡን ነገረን። «ክብደቷ ከዚህ ከወረደ ቀጣዩን መድኃኒት ልሰጣት አልችልም። የፈለገችውን ይሁን፣ ብቻ ትብላ።» መድኃኒቱ ሲቆም ምን እንደሚመጣ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

በማግስቱ ጠዋት ትራሷን ከፍ አድርጌ ዳቦ ላቀምሳት ስታገል እጄን ገፋ አደረገችው።

«የማያቅለሸልሸኝ ቦታ አንድ ብቻ ነው» አለችኝ። «የመስታወት ቤቴ። እዚያ ወንበሬ ላይ ብታስቀምጪኝ ይሄን ዳቦ እበላው ነበር መሰለኝ።»

አባባ በር ላይ ሆነው ሰምተዋል። «እኔ አዘጋጅልሻለሁ» አሉ።

እማማ ቀና ብላ አየቻቸው። «አንተ?»

«እኔ።»

ሁለታችን ሄደን የመስታወት ቤቱን በር ስንከፍተው ከውስጥ የወጣው ጠረን ወደ ኋላ መለሰኝ። እማማ ከታመመች ጀምሮ ማንም አልገባበትም። ያልተለቀሙት ቲማቲሞች እዚያው ግንዳቸው ላይ ጠቁረው፣ ፈንድተው፣ የፈሰሰው ክር ሠርቶ ተንጠልጥሏል። መስታወቱን ከውስጥ አረንጓዴ ዝቃጭ ለብሶታል፤ ሲነኩት ዝልግልግ ይላል። የችግኝ ጣሳዎቹ ውስጥ የተኛው ውሃ የሚላወስ ነገር ነበረበት። ሳንቃውን ሳነሳ ከሥሩ ቀንድ አውጣዎች እርስ በርስ ተጣብቀው፣ በራሳቸው ልጋግ ተለውሰው አገኘኋቸው። የእማማ ወንበር ትራስ ሻጋታ አብቅሏል፣ ነጭና ጸጉራም። የላስቲክ ቦት ጫማዋን አንዱን ሳነሳው ከበደኝ፤ ገልብጬ ሳራግፈው አይጥ ወደቀ፣ ያውም ግማሹ። ሌላውን ግማሽ አልፈለግሁትም፤ አፌን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

አባባ ይሸሻሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እዚያ ግማት ፊት ቆመው ነፍስ ዘሩ። ቤት ገብተው ሲመለሱ ነጩን ካፖርት ለብሰዋል፣ ጓንቱን አጥልቀዋል፣ በሁለቱ እጃቸው የበረኪና ጀሪካን አንጠልጥለዋል። «ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥ ወደ ውጭ» አሉኝ። ጣሪያውን እኔ፣ ግድግዳውን እሳቸው፣ ቀኑን ሙሉ ፈተግን። የበሰበሰውን በአካፋ ዛቅን፣ ጣሳዎቹን ቀቀልን፣ ትራሱን አቃጠልን። እኔ የጨረስኩትን እሳቸው ተከትለው በጣታቸው ይዳብሱታል፤ «እዚህ ጥግ ድገሚው» ይላሉ። በረኪናው ዓይኔን አነደደው፣ ጉሮሮዬን ላጠው። በሆዴ የማላውቀውን ስድብ ሁሉ ፈጠርኩ።

ከዚያ መደቦቹ ጋ ደረስን። እማማ በስንት ዓመት ያበጀችው አፈር ነው፤ ጥቁር፣ ልፍስፍስ ያለ፣ እጅ ሲገባበት የሚሞቅ። አባባ በአካፋው ጫፍ ገለጥ ቢያደርጉት የእንቁላል ቅርፊት ወጣ፣ የዓሣ አጥንት ወጣ፣ ቀጥሎ ሮዝ ትሎች ተጠማዘው ወጡ። ጭንብላቸውን አጠበቁ።

«ትል» አሉ። «በትል ላይ የበቀለ ሰላጣ ነው ስታበላን የኖረችው?»

«አባባ፣ አፈር እኮ ነው። ትል የት ሊኖር ነው ታዲያ?»

«ሐኪሙ ጀርም እንዳያገኛት ተጠንቀቁ አላለም? አላለም?»

ብሏል።

ጎረቤታችን ወተት ሻጭ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ላሞቹን ያረባል። እሱና አባባ አይነጋገሩም። በሥራ ዘመናቸው አባባ ወተት ማጠራቀሚያው ውስጥ ዝንብ አግኝተው ያን ቀን የታለበውን በሙሉ ቦይ ውስጥ ደፍተውበታል፤ ሱቁንም አሽገውበታል። ሰሞኑን የበረቱ መግቢያ ጭቃ ሆኖ ላሞቹ ስለሚሰጥሙበት ጉድጓዱን የሚሞላበት አፈር ሲፈልግ ነበር። አባባ በእኔ አፍ «ይውሰደው» አሉት። የእጅ ጋሪውን እየገፋ መጥቶ የእማማን አፈር እስከ ታች ድረስ ዛቀው። ሲወጣ ሲገባ ለብቻው ይስቅ ነበር፤ ያ ሳቅ አላማረኝም።

ባዶውን መደብ አባባ በበረኪና አጠቡት። ከሱቅ በከረጢት የታሸገ አፈር አምጥተው፣ እሱንም አላመኑትም፣ የፈላ ውሃ ቸለሱበት። በጓንት እየቆነጠሩ የሰላጣ ዘር ዘሩ። ሁሉም ነገር ሲያልቅ የመስታወት ቤቱ ብልጭ ብሎ የቀዶ ጥገና ክፍል መሰለ። በሩ ላይ ቆመው አሸተቱ። ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ነው። «አሁን ትምጣ» አሉ።

እማማን ጋቢዋን አልብሼ፣ ደግፌ አመጣኋት። በጓሮው መንገድ ላይ ስትራመድ እግሯ ከወትሮው ቀለል ያለ መሰለኝ። ዳቦውን በሳህን ይዤላታለሁ። በሩን አልፋ ገባች፣ ቆመች፣ መደቦቹን አየች።

«አፈሬስ?» አለች።

«አዲስ ነው» አሉ አባባ ደረታቸውን ነፍተው። «የታከመ። አንድ ትል አታገኚበትም።»

ትንፋሽ ሳበች። ከዚያ ጎንበስ አለችና በሚያብለጨልጨው ወለል ላይ አስመለሳት። ሆዷ ውስጥ ምንም ስላልነበረ አረንጓዴ ውሃ ብቻ ነው የወጣው። ወንበሩን ይዛ እስኪያልፍላት ጠበቀች።

«ሆስፒታል ይሸታል» አለች። ጮክ ብላ እንኳ አይደለም። «አልጋዬ መልሱኝ።»

ያን ቀን ምንም አልቀመሰችም። በማግስቱም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች። አባባ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው፣ «ንጹህ ነበር እኮ» ይላሉ። «ከእኔ ወዲያ ማን እንደዚያ ያጸዳል?» ይላሉ። ሲደጋግሙት ደሜ ፈላ።

«አባባ፣ በቃ» አልኩ። «አንድ ቦታ አለኝ አለችዎት። አንድ። እሱንም ሄደው ሆስፒታል አደረጉት። ንጽህናዎ አቅለሸለሸኝ።»

እንደዚያ ተናግሬያቸው አላውቅም። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉትን እጆቻቸውን ያዩ ጀመር፤ በበረኪና ተልጠው ነጭ ሆነዋል።

«አፈሩ ማዶ ነው አይደል?» አሉ።

«ላሞቹ ሥር ነው።»

«ጋሪውን አምጪው።»

ወተት ሻጩ በረቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ነጩን ካፖርት ሲያይ ጥርሱን ገለጠ።

«ጋሼ አፍንጫ» አለ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ሸተተዎት?»

«አፈሩን መልስልኝ።»

«የቱን? ያንን ቆሻሻ?»

«እሱን።»

በአገጩ ወደ መግቢያው አመለከተ። የእማማ አፈር እዚያ ነው፤ ላሞቹ ረግጠውታል፣ ሸንተውበታል፣ እበታቸውን ጥለውበታል። አዛባው ከላዩ ያጨሳል። ዝንቡ በዚያ ብርድ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሰፍሮበታል።

«ያው፣ ይውሰዱት። አንድ ነገር ብቻ» አለ ወተት ሻጩና ጣቱን ወደ አባባ እጅ ቀሰረ። «ያን ዕለት ወተቴን ሲደፉት ጓንት አጥልቀው ነበር። ሚስቴም ልጆቼም ቆመው ያያሉ። ዛሬ ጓንት የለም።»

ሰውየው ከእበቱ ባሰብኝ። «አንተ ሰው ነህ?» አልኩት። «የታመሙት እሳቸው አይደሉም፣ እማማ ናት።»

«እሷን መቼ ጠላሁ?» አለ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ፍጉን በአጥር በኩል ማን ያቀብላት ይመስልሻል?»

አባባ ይሄንን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም አላውቅም ነበር። ሚስታቸው ሰላጣ ስታበላቸው የኖረችው ሱቁን ባሸጉበት ሰውዬ ላሞች እበት ነው። ጓንታቸውን ጣት በጣት አወለቁ፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ገቡ።

እስከ ቅልጥማቸው ሰመጡ። አካፋው ላሞቹ የደለደሉትን አልነቅል ሲል ጎንበስ ብለው በእጃቸው ይገነጥሉት ጀመር። እያንዳንዱ ጓል ሲላቀቅ ጥዝ የሚል ድምፅ አለው፣ ከሥሩም አዲስ ግማት ይወጣል። አባባ ቋቅ ይላሉ፣ ይውጡታል፣ እንደገና ያጎነብሳሉ። አንዷ ላም ጭራዋን አንስታ አጠገባቸው ለቀቀችው፤ ካፖርታቸው ላይ ተረጨ። ያኔ አልቻሉም፤ ግድግዳውን ተደግፈው አስመለሳቸው። አፋቸውን በእጃቸው ሊጠርጉ ሲሉ እጃቸውን አዩት፣ በትከሻቸው ጠረጉ፣ ተመለሱ። ወተት ሻጩ መሳቁን ትቶ ሊያልብ ገባ። እኔ ጋሪውን ስገፋ ትንፋሼን ይዤ ነው፤ አጥሩን ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላስታውስም።

የመስታወት ቤቱን መስኮቶች በሙሉ ከፈትን። የከረጢቱን አፈር አውጥተን ጣልን፣ በረኪናውን በውሃ ጎማ ደጋግመን አጠብን፣ ነፋስ ቀኑንም ሌሊቱንም እንዲገባበት ተውነው። እማማን እስከዚያ የያዛት በማንኪያ የምንሰጣት የስኳር ውሃ ነው። በነጋታው አፈሯን መልሰን መደቡ ላይ ደለደልነው። አባባ በአካፋ እንዳልነካው ከለከሉኝ።

«ትሉን ይቆርጠዋል» አሉ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ጎንበስ ብለው ጓሉን በጣታቸው ይፈረፍራሉ፤ የቀረ ትል ሲያገኙ ፊታቸውን ጭምድድ አድርገው፣ ምራቃቸውን ውጠው፣ በመዳፋቸው ተሸክመው ወደ መሃል ይመልሱታል። ቤቱ እበት እበት፣ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በአፌ እተነፍስ ነበር።

እማማ መጀመሪያ «አይ፣ አልነሳም» አለች። ለምኜ አስነሳኋት። በጓሮው መንገድ እንደቀድሞው አልተራመደችም፤ ጎተትኳት ብል ይሻላል። መንገድ ላይ እንዳለን ነፋሱ ጠረኑን አመጣው። እኔ ፊቴን አዞርኩ። እሷ ቆም አለች፣ አገጯን ቀና አደረገች፣ ሳበችው።

አባባ በመስታወት ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ነጩ ካፖርት ነጭ መሆኑ ቀርቷል። ሲያዩን ወደ ቧንቧው ሊሄዱ ተነቃነቁ።

«ቁም» አለቻቸው። «አሳየኝ።»

ምን እንደምትል ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። በረኪናው በላጠው ቆዳ ስንጥቅ ውስጥ ጥቁር ገብቶበታል። ገለበጡት። ጥፍሮቻቸውን አሳዩ፤ አንድም ነጭ የለም። እማማ ተጠግታ ጎንበስ ብላ አየቻቸው፣ እሳቸው እሷን ያዩ በነበረበት አኳኋን፣ አንድ በአንድ።

«እለፍ» አለች።

አባባ ክንዷን ይዘው ወንበሯ ላይ አስቀመጧት። እኔ ዳቦውን በንጹህ ሳህን፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኜ ይዤ፣ በሌላው እጄ ባልዲውን ይዤ ከጎኗ ቆምኩ። ላቀርብላት ስል አስቆመችኝ።

«እሱ ይቁረስልኝ» አለች።

«ልታጠብና...» አሉ አባባ።

«እንዳትታጠብ።»

ሐኪሙ ቢያይ ሁላችንንም ያሽገን ነበር። አባባ ከነጩ ዳቦ ቆረሱ፤ የአምስት ጣታቸው ጥቁር አሻራ እላዩ ላይ ቀረ፣ ከአሻራው ጫፍ ደግሞ ሣር የምትመስል ነገር ተጣብቃለች። ወደ አፏ ሲያቀርቡት ዓይኗን አልጨፈነችም፤ እሳቸውን እያየች ተቀበለች። አላመጠች። ዋጠች። ባልዲውን ጠጋ አደረግሁላት፤ ጠበቅን።

«ጨምርልኝ» አለች።

እሳቸው ለሁለተኛ ሲቆርሱ እኔ ሳህኑን አስቀምጬ ባልዲውን እንደያዝኩ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። ባልዲውን ለእሷ ነበር የያዝኩት፤ የተጠቀምኩበት ግን እኔ ነኝ።